«ለስላሳ» አሜሪካ ውስጥ፦ ሶዳ፣ ፖፕ ወይስ ኮክ ብለን እናስተምር?

የማታ ክፍል፦

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ አዲስ ለገቡ አማርኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛ መለማመጃ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። የምግብ ቤትና የሱቅ ንግግር ክፍሉ ሊያልቅ ሲል «ለስላሳ» የሚለው ቃል ላይ ቆመን ቀረን። አንዱ አዘጋጅ «ሶዳ» ይባል ይላል። ሁለተኛው «ፖፕ» እንጂ ሶዳ የሚል ሰው የለም ባይ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ በእሷ አካባቢ «ኮክ» ሲባል ማንኛውም ለስላሳ ማለት እንደሆነ ትናገራለች። ሦስቱም የሚኖሩት በተለያየ ግዛት ስለሆነ ሦስቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወረቀቱ የሚሄደው ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ኮሎምበስ፣ ዴንቨር፣ ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስ ነው። ለየከተማው የተለየ ወረቀት የማተም አቅም የለንም። የትኛው ቃል የት እንደሚሠራ ንገሩን፤ ተማሪው አስተናጋጅ ፊት ቆሞ ቃሉ ቢምታታበት ምን ማለት እንዳለበትም ጨምሩበት። ምግብ ቤትና ባር ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ተማሪዎችም ስላሉን፣ በሻጭ በኩል የሚያሳስቱ ቃላት ካሉ እነሱንም እንፈልጋለን።


ካርታ አንባቢ፦

ከተሞቹን መዘርዘራችሁ ሥራውን አቀለለው።

«ሶዳ» የሚባልበት ትልቁ ቦታ ሰሜን ምሥራቁ ነው፤ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ኒው ጀርዚ፣ ቦስተንና አካባቢው፣ ፊላደልፊያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ። ሌላው ደቡብ ምዕራቡ ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳና አሪዞና። ስለዚህ ዲሲ፣ ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስ ላይ ክርክር የለም፣ ሶዳ ነው።

«ፖፕ» የመካከለኛው ምዕራብ ቃል ነው፤ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ቺካጎ፣ አይዋ፣ ሚኒሶታ፣ ሁለቱ ዳኮታዎች፣ ነብራስካ፣ ካንሳስ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይቀጥልና ሞንታናን፣ አይዳሆን፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተን ግዛትን ይይዛል። ኮሎምበስና ሚኒያፖሊስ የፖፕ አገር ናቸው። ሲያትልና ዴንቨርም የነባሩ ሰው ቃል ፖፕ ነበር፤ ነገር ግን ከካሊፎርኒያና ከሌላ ቦታ የመጣው ነዋሪ ብዙ ስለሆነ ዛሬ በተለይ ከወጣቱ አፍ ሶዳም እኩል ይሰማል።

ደቡቡ «ኮክ» ይላል፤ ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ቴነሲ፣ አርካንሶ፣ ቴክሳስ። አትላንታና ዳላስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ከየግዛቱ ሰው የገባባቸው ከተሞች ስለሆኑ ሶዳ ያለ ሰው አይቸገርም፤ ዋናው ነገር ኮክ ሲባል ብራንዱ ብቻ ላይሆን እንደሚችል ማወቅ ነው። ኒው ኦርሊንስ ላይ «ኮልድ ድሪንክ» የሚሉ አሉ። ቦስተን አካባቢ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ቶኒክ» ይላሉ፤ ይኼኛው እየጠፋ ያለ ቃል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በግዛት ከፋፍላችሁ ሰንጠረዥ አትሥሩ፤ ድንበሩ የግዛት ድንበር አይከተልም። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ፒትስበርግ ፖፕ ሲል ፊላደልፊያ ሶዳ ይላል። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቡፋሎና ሮቸስተር ፖፕ ናቸው፤ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ሲራክዩስ ስትደርሱ ሶዳ ይሆናል። በፖፕ ባሕር መካከል ደግሞ ሁለት የሶዳ ደሴቶች አሉ፤ አንዱ ሴንት ሉዊስና ዙሪያው፣ ሌላው ሚልዋኪና ምሥራቅ ዊስኮንሲን። ሚኒያፖሊስ የለመደ ሰው ሚልዋኪ ሄዶ ፖፕ ቢል ይገባቸዋል፣ ግን ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቁበታል።

ቁጥር ካስፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደው የሃርቫርድ የዘዬ ጥናት ላይ ከመላሾቹ 53 በመቶ ገደማ ሶዳ፣ 25 በመቶ ፖፕ፣ 12 በመቶ ኮክ፣ 6 በመቶ ገደማ ደግሞ «ሶፍት ድሪንክ» ብለዋል። ቶኒክ ከ1 በመቶ በታች ነው።

የእኔ ምክር፦ ተማሪው በአፉ እንዲለማመደው አንድ ቃል ብቻ ስጡት፣ እሱም ሶዳ ይሁን። ፖፕና ኮክን ሲሰማ እንዲያውቃቸው ብቻ አስተምሩት። የሚናገሩትን ቃልና ሰምተው የሚረዱትን ቃል መለየት ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።


ፊደል ጠባቂ፦

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ወረቀቱ ላይ በፊደላችን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ኮክ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የእኛ ሰው የሚያነበው ፍሬውን ነው። «ኮውክ» ብትሉት ከድምፁም ይቀርባል፣ ከፍሬውም ይለያል። አናባቢው መሳብ አለበት፤ አፍን ከፍቶ አጭር ካደረጉት ወደ ጸያፍ ቃል ይጠጋል፤ አስተማሪው ይህን በክፍል ውስጥ በግልጽ ቢናገር ተማሪው ከሐፍረት ይድናል።

ፖፕም እንደዚያው ነው። በአማርኛ «ፖ» ብለን የምናወጣው ድምፅ ለአሜሪካዊ ጆሮ የሮማውን ጳጳስ መጠሪያ ይመስላል። እነሱ የሚሉት ወደ «ፓፕ» የቀረበ ነው፤ ከንፈር ተገጥሞ ይለቀቅና አፍ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ ያለው «ፕ» ወደ «ብ» እንዳይላላ። ሶዳ ላይ ብዙ ችግር የለም፤ «ሶው» ላይ ጠበቅ፣ «ዳ» ላይ ለቀቅ ማድረግ ይበቃል። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሦስቱ የሚቀለው እሱ ስለሆነ ሶዳ ይቅደም የሚለውን ምክር እኔም እደግፋለሁ።


ምንጭ ፈላጊ፦

ተማሪ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና ለአስተማሪው መምሪያ የሚሆን ታሪክ ላክልበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ውስጥ ከቢራ መጥመቂያ ጋን በላይ በሚንሳፈፈው ጋዝ ውሃን ጋዝ ያለው ማድረግ እንደሚቻል አገኘ። በ1783 ደግሞ ያኮብ ሽዌፕ ጄኔቫ ላይ ለሽያጭ ማምረት ጀመረ። ዓላማው የምንጭ ውሃን መድኃኒትነት በጠርሙስ ማምጣት ስለነበር፣ የማዕድን ውሃውን ለመምሰል የሶዲየም ጨው ይጨመርበት ነበር። «ሶዳ ዋተር» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ጨውም ባይገባበት፣ ስኳርና ሽሮፕ ቢታከልበትም ስሙ ቀረ።

«ፖፕ» ጠርሙሱ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሮበርት ሳውዚ በ1812 በጻፈው ደብዳቤ መጠጡ ፖፕ የተባለው ቡሹ ሲወጣ በሚያሰማው ድምፅ እንደሆነ ያስረዳል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ስሙ የመጣው ከሃቺንሰን ክዳን ነው የሚል ነው። ክዳኑ የሽቦ ቀለበት ያለው ሆኖ ወደ ውስጥ ሲመቱት ድው ብሎ ይከፈታል፤ የፈጠራ መብቱ በ1879 ለቺካጎው ቻርልስ ሃቺንሰን ተሰጥቷል። ድምፁ ቃሉን አጠናክሮት ሊሆን ይችላል፤ መነሻው ሊሆን ግን አይችልም፣ ደብዳቤው በ67 ዓመት ይቀድመዋልና። ይህን ስሕተት ወረቀታችሁ ውስጥ አታስገቡት።

«ኮውክ» ከአትላንታ ነው። ኮካ ኮላ በ1886 እዚያ ተፈጠረና ደቡቡን ቀድሞ ያዘው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መጠጥ ሲሆን፣ በኋላ የመጡት ሁሉ በእሱ ስም ተጠሩ። ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የማንኛውም ፋብሪካ የታሸገ ውሃ ላስቲክ «ሃይላንድ» ይባል የለ? ያው ነው። ኩባንያው ራሱ አጭሩን ስም መጀመሪያ አልወደደውም፤ ሰው ሙሉ ስሙን እንዲጠራ ይገፋፋ ነበር። በማስታወቂያ መጠቀም የጀመረው በ1941 ሲሆን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው በ1945 ነው።

«ሶፍት» የሚለው ደግሞ «ሃርድ» ለሚባለው የአልኮል መጠጥ ተቃራኒ ነው። የእኛ «ለስላሳ» የዚሁ ግልባጭ ነው። ሶፍት ድሪንክ በሁሉም ግዛት ይገባል፣ የምግብ ዝርዝር ላይም ይታተማል፤ በአፍ ሲናገሩት ግን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ይመስላል። ሕግ ደግሞ ከሁሉም ይሸሻል። ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውንስ (30 ሚሊ ሊትር ገደማ) 1.5 ሳንቲም ግብር ስትጥል ሕዝቡ የሶዳ ግብር አለው። ቺካጎ ያለችበት ኩክ ካውንቲ በዚያው ዓመት በአውንስ 1 ሳንቲም ጥሎ በወራት ውስጥ ሲሽረው፣ እዚያ የፖፕ ግብር የሚሉት ብዙ ነበሩ። የሁለቱም ሕግ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ ጣፋጭ መጠጥ ነው።


ከባንኮኒ ጀርባ፦

የካርታውን ነገር ለወንድሞች ትቼ ወደ ትዕዛዙ ልግባ፤ ተማሪው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው መንገድ የጅምላ ስሙን ዘሎ የመጠጡን ስም መጥራት ነው። «ስፕራይት ፕሊስ» ያለ ሰው አትላንታም ሆነ ኮሎምበስ ያው ስፕራይት ይመጣለታል። «ሶዳ» ያለው ሰው ግን የትም ቢሆን «የትኛውን?» ተብሎ ይጠየቃል። ደቡብ ውስጥ «ኮውክ» ያለውም «ዋት ካይንድ?» ሊባል ይችላል። እዚህ ላይ ጀማሪው ይደነግጣል፤ ኮካ አልኳችሁ አይደል እንዴ ብሎ። ጥያቄው ከለስላሳዎቹ የትኛው ነው ማለት ነውና «ሬጉላር ኮውክ» ወይም የሌላውን ስም ይመልስ።

ሁለተኛው የሚሰማው ጥያቄ «ኢዝ ፔፕሲ ኦኬይ?» ነው። ምግብ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኩባንያ ጋር ብቻ ይዋዋላሉ። ኮካ ላዘዘ ሰው ሳይነግሩ ፔፕሲ መስጠት የንግድ ምልክት ጥሰት ስለሆነ አስተናጋጁ መጠየቅ አለበት። እናንተ ጋ የሚሠሩ ተማሪዎች ካሉ ይህን በደንብ አስይዟቸው፤ ዝም ብሎ መቅዳት ደግነት አይደለም። የኩባንያው ጉዳይ ለሌሎቹም ይሠራል፤ ስፕራይትና ፋንታ ከኮካ ጋር ናቸው፣ ፔፕሲ ቤት በስፕራይት ምትክ ያለው እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ «ስታሪ» ነው። ሚሪንዳ ብሎ ያዘዘ ሰው ግን ብዙ ቦታ አይገባቸውም። «ኦሬንጅ ሶዳ» ይበል፤ ሚኒሶታና ኦሃዮ ላይ «ኦሬንጅ ፖፕ» ሲሉት ይሰማል።

አሁን ወደሚያሳስቱት። አንደኛ፣ ባር ውስጥ «ሶዳ» ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። ከአልኮል ስም ጋር ተጣምሮ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ቮድካ ሶዳ» ሲባል፣ ጣዕም የሌለው ጋዝ ያለው ውሃ ነው። ባንኮኒ ላይ ያለው የመቅጃ ሽጉጥ፣ ቁልፉን ሲጫኑት መጠጥ የሚቀዳው እጀታ ማለት ነው፣ ፊደላት አሉት፤ «ኤስ» የሚለው ይኸው ጋዝ ያለው ውሃ ነው፣ «ሲ» ኮላ፣ «ዲ» ዳየት (ስኳር የሌለው)፣ «ቲ» ወይም «ኪው» ቶኒክ። ቶኒክ በኪው የሚጻፈው ምሬቱ ከኩዊኒን ስለሚመጣ ነው። የፊደሉ አቀማመጥ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ ትንሽ ትንሽ ቀድቶ ይቅመስ። ኤስና ቶኒክ በዓይን አይለዩም፤ ሁለቱም ንጹሕ ውሃ ይመስላሉ፣ ቶኒክ ውስጥ ግን ስኳር አለ።

ያለ ጣዕም ጋዝ ያለው ውሃ የሚፈልግ፣ የእኛ ሰው አምቦ የሚለውን ማለት ነው፣ «ስፓርክሊንግ ዋተር» ይበል። «ሴልትዘር» ጋዝና ውሃ ብቻ ነው፣ «ክለብ ሶዳ» ትንሽ ጨው ተጨምሮበታል። «ሚነራል ዋተር» የሚባለው ከምንጩ ማዕድን ያለው ነው።

ሁለተኛ፣ «ማልት»። እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ይደርሳል። የእኛ ሰው ማልት ሲል አልኮል የሌለው ጣፋጭ የገብስ መጠጥ ነው። አሜሪካ «ማልት ሊከር» ጠንከር ያለ ቢራ ነው። «ፍሌቨርድ ማልት ቤቨሬጅ» ተብሎ በፍራፍሬ ሥዕል ያሸበረቀውም አልኮል አለው። አይስክሬም ቤት ደግሞ «ማልት» ካሉ የብቅል ዱቄት የገባበት የወተት ሼክ ይመጣል። የምናውቀውን መጠጥ የሚፈልግ ሰው «ማልታ» የሚል ጠርሙስ ይፈልግና «ነን አልኮሆሊክ» የሚለውን ጽሑፍ ያረጋግጥ። ይህ ጽሑፍ ከ0.5 በመቶ በታች አልኮል ሊኖር እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ጨርሶ የማይፈልግ «አልኮሆል ፍሪ» የሚለውን ይምረጥ።

ሦስተኛ፣ «ሃርድ» የሚለውን ቃል ያየ ሰው ይቁም። ሃርድ ሴልትዘር፣ ሃርድ ሌመኔድ፣ ሃርድ ሶዳ፣ ሁሉም አልኮል ናቸው፤ አብዛኞቹ 5 በመቶ አካባቢ። ጣሳው ከለስላሳው ጣሳ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልጅ እንኳ ሊያነሳው ይችላል። በተቃራኒው «ሩት ቢር» ስሙ ቢራ ቢሆንም ለስላሳ ነው፤ በጾምም ሆነ በሃይማኖት ምክንያት አልኮል የማይነኩ ሰዎች በስሙ ደንግጠው ይተዉታል፣ አያስፈልግም። ጂንጀር ኤልም እንዲሁ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የቃል ስሕተት ከዚህ በላይ የሚጎዳበት ቦታ የለም። 12 አውንስ (355 ሚሊ ሊትር) ኮካ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ። ዳየቱና መደበኛው ብርጭቆ ውስጥ በመልክ አንድ ናቸው። የወረቀት ኩባያ ክዳን ላይ ትንንሽ ጉብጉቦች ታያላችሁ፤ አጠገባቸው «ዳየት»፣ «ሩት ቢር» የመሰለ ጽሑፍ አለ። ቀጂው የቀዳውን ለማስታወስ አንዱን በጣቱ ይጫነዋል። ደንበኛው ሲቀበል ዳየት የሚለው ጉብጉብ መሰርጎዱን ይይ፤ ካልተሰረጎደ ይጠይቅ። ሠራተኛውም ክዳኑን የሚጫነው እንደቀዳ ወዲያው ነው፣ አራት ኩባያ ከደረደረ በኋላ ሳይሆን።


የማታ ክፍል፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን፤ የማልቱን ነገር ጨርሶ አላሰብንበትም ነበር፣ ለብቻው ሣጥን ይደረግለታል። አንድ ጥያቄ ቀረን። ሲያትልና ዴንቨር ድብልቅ ናቸው ተብሏል። በየከተማው ያሉ አስተማሪዎቻችን ራሳቸው ሰው ጠይቀው ቢያጣሩ እንዴት ቢጠይቁ ይሻላል?


ካርታ አንባቢ፦

የሚቻል ሥራ ነው፣ ግን ጥያቄው ከተበላሸ መልሱም ይበላሻል።

ቃሉን ከጠያቂው አፍ እንዳይሰሙ አድርጉ። «ሶዳ ነው ፖፕ የምትለው?» ብሎ መጀመር ሁለት ምርጫ ሰጥቶ ሦስተኛውን መከልከል ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸው፣ ጽሑፍ የሌለባቸው የጋዝ መጠጦች የተቀዱባቸው ሦስት አራት ብርጭቆዎች የሚታዩበት ፎቶ አሳዩና «እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ምን ትላቸዋለህ?» በሉ። አንድ ብርጭቆ ጥቁር ኮላ ብቻ ካሳያችሁ መላሹ ብራንዱን ይነግራችኋል፣ ደቡብ ውስጥ ደግሞ ያ መልስ ከጅምላው ስም አይለይም። መጀመሪያ የወጣውን ቃል ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ «ሌላም ትላለህ?» ብላችሁ ሁለተኛውን ለብቻው መዝግቡ።

አሁን የሚኖርበትን ሳይሆን ያደገበትን ጠይቁ፤ ከ5 እስከ 18 ዓመት የት እንደነበረ። ዴንቨር ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ የዴንቨርን ቃል አይናገርም። ዕድሜውንም በሦስት ክፍል ያዙት፤ ከ30 በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 በላይ። በፖፕ አገር ሶዳ እየገባ ያለው በወጣቱ በኩል ስለሆነ ዕድሜ ካልለያችሁ ለውጡ ይደበቃል። በየዕድሜው 10 ሰው ብታገኙ ለወረቀት ሥራ ይበቃል፤ ለጥናት ግን አይበቃም።

ቦታም ይመረጥ። የሽያጭ ማሽን አጠገብ ወይም ምግብ ቤት ወረፋ ላይ አትጠይቁ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ያነቡላችኋል። የትልልቅ ምግብ ቤት ሠራተኞች በሥራ ሰዓት የሚናገሩት ከኩባንያው የተሰጣቸውን ቃል ነው። ወደ እንግሊዝኛ በቅርብ የገባ ስደተኛም፣ እኛን ጨምሮ፣ ከአስተማሪው የሰማውን ነው የሚመልሰው።

ሲደመር ደግሞ አሸናፊውን ብቻ አትጻፉ። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ካርታዎች የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው፤ 51 በመቶ ያገኘውን ቃልና 95 በመቶ ያገኘውን በአንድ ቀለም ይቀቡታል። ሁለት ሰው ብቻ የመለሰበት ገጠር ካውንቲም ከቺካጎ እኩል ቀለም ያገኛል። ከ30 ሰው 16ቱ ሶዳ ካሉ «ሲያትል ሶዳ ትላለች» አትበሉ፤ «ሁለቱም ይሰማሉ» በሉ።


ድንበር ተሻጋሪ፦

ወረቀቱ ከአሜሪካ መውጣቱ አይቀርምና አጠር አድርጌ ልጨምር። ካናዳ በአብዛኛው ፖፕ ነው። ኩቤክ በፈረንሳይኛ «ሊከር» ሲሉ ብትሰሙ ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል አትደንግጡ። እንግሊዝ «ፊዚ ድሪንክ» ይላሉ፣ በሰሜኑ ፖፕም አለ። ግላስጎ ላይ «ጂንጀር» ማንኛውም ለስላሳ ነው፣ ዝንጅብል ባይኖርበትም። አየርላንድ «ሚነራል»፣ አውስትራሊያ «ሶፍት ድሪንክ»፣ ደቡብ አፍሪካ «ኩል ድሪንክ»፣ ህንድ «ኮልድ ድሪንክ»። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ሶዳ ይላሉ፤ በናይሮቢ በኩል ያለፉ ተማሪዎች ካሏችሁ ቃሉን ይዘውት መጥተዋል።

አሜሪካ ወጥ ቤት ውስጥ የሥራ ባልደረባው ብዙ ጊዜ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለሆነ የእነሱንም ማወቅ ይጠቅማል። ሜክሲኮዎች «ሬፍሬስኮ»፣ ኮሎምቢያዎችና አርጀንቲናዎች «ጋሴዎሳ»፣ ቺሌዎች «ቤቢዳ» ይላሉ።


የማታ ክፍል፦

ለወረቀቱ ያዘጋጀነው ሣጥን ይኸው፣ እርሙልን፦

«ለስላሳ ስታዝ የመጠጡን ስም ጥራ። የጅምላ ስም ከፈለግህ ‹ሶዳ› በል፤ ሁሉም ቦታ ይገባቸዋል። ‹ፓፕ› ሲሉህ ያው ለስላሳ ነው። ደቡብ ውስጥ ‹ኮውክ› ሲሉህ ማንኛውም ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ‹ዋት ካይንድ?› ካሉህ የትኛው ለስላሳ ነው ማለታቸው ነው። ‹ሃርድ› ወይም ‹ማልት ሊከር› የሚል ጽሑፍ ካየህ አልኮል ነው። የሎሚ ጣዕም ያለው ለስላሳ ከፈለግህ ‹ሌመኔድ› በል።»


ከባንኮኒ ጀርባ፦

የመጨረሻዋ መስመር ትውጣ። አሜሪካ ሌመኔድ ጋዝ የሌለው፣ ሎሚ ተጨምቆ በውሃና በስኳር የተበጠበጠ ነው። ነጩን ጋዝ ያለውን ሌመኔድ የሚሉት እንግሊዞች ናቸው። «ስፕራይት፣ ሰቨን አፕ ወይም ስታሪ» ብላችሁ ጻፉ። በረዶ የማይፈልግም «ኖ አይስ» ይበል፤ ካልተናገረ ኩባያው ግማሽ ድረስ በረዶ ሆኖ ይመጣል።


ፊደል ጠባቂ፦

«ጥራ»፣ «በል» የሚለውን ወደ «ይጥሩ»፣ «ይበሉ» ለውጡት። ማታ ክፍል የሚመጡት እናቶችና አባቶችም ናቸው።